ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ቶርኖ

የምኖረው ጀርመን ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ለማሽን የሚሆን ቦታዬ ምድር ቤት ያለች አንዲት ዕቃ ቤት ብቻ ናት። ሁለት ብስክሌትና አንድ ጠረጴዛ ገብቶባት ሞልታለች። ግን ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው መርካቶ፣ አጎቴ የሚሠራበት ቶርኖ ቤት (ቶርኖ ብረትን እያዞረ በስለት የሚልጭ ማሽን ነው) ነበር፤ የዘይቱ ሽታና እየተጠቀለለ የሚወርደው ሰማያዊ የብረት ፍቅፋቂ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ትንሽ ቶርኖ መፈለግ ጀመርኩ። እንደኔ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ገንዘብና ጊዜ ያተርፍልኝ የነበረውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ልቤን የወሰደው «አንድ ማሽን፣ ብዙ ሥራ» የሚባለው ዓይነት ነው። የዚህ ሐሳብ ዋና ምሳሌ ዩኒማት ነው። ኤምኮ የሚባለው ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ዛልትስቡርግ አጠገብ ሃላይን በምትባል ከተማ ያመርተው ነበር። ብረቱን የሚያዞረውን ራስ ከቦታው ነቅላችሁ በቆመ ምሰሶ ላይ ስታስሩት ትራፓኖ (መብሻ) ይሆናል፣ ፍሬዛም (በሚዞር ስለት ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ይሆናል። ተጨማሪ ዕቃ ስትገዙለት ደግሞ መጋዝ ይሆናል። ቤቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬም አሮጌ ዩኒማት በፍቅር የሚይዙ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እኔ የገዛኋት የሌላ ፋብሪካ ናት፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ስሟ ይቅር። አልጋዋ፣ ማለትም ስለቱን የተሸከመው ክፍል የሚንሸራተትበት ነገር፣ ሁለት ክብ ዘንግ ብቻ ነበር። እንጨትና ፕላስቲክ ስሠራባት ደስ አለኝ። አሉሚኒየምም ቀስ ካልኩ እሺ ትላለች። ብረት ሳስገባ ግን ማሽኗ በሙሉ ትንቀጠቀጣለች፣ ብረቱ ላይ የሚቀረው ገጽ የታረሰ መሬት ይመስላል። በቪዲዮ ለአጎቴ አሳየሁት። ድምፁን ብቻ ሰምቶ «አንተ ልጅ፣ ማሽንህ ቀልሎብሃል፤ ማሽን ከቀለለ ስለት ይጨፍራል» አለኝ። ልክ ነበር። ስለት ብረትን ሲገፋ ብረቱም ስለቱን ይገፋዋል። ያንን ግፊት የሚችለው የማሽኑ ጥንካሬ እንጂ የሞተሩ ጉልበት አይደለም። እኔ ግን ስገዛ ያየሁት ዋቱን ነበር።

ሌላው ያልጠበቅኩት መፍታትና መግጠሙ ነው። ከቶርኖ ወደ ፍሬዛ በተቀየረች ቁጥር የሚያዞረው ራስ ከመስመር ይወጣል። 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ አስሬ 60 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ላጨሁና የሁለቱን ጫፍ ውፍረት በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለካሁ፤ ልዩነቱ 0.08 ሚሊሜትር ሆነ። ለእርሳስ መያዣ ምንም አይደለም። ለኩሽኔታ መቀመጫ ግን አይሆንም። ያገለገለ ማሽን ልትገዙ ከሆነ ይህችን ሙከራ ሻጩ ፊት አድርጓት፤ አሥር ደቂቃ አትፈጅም።

እና ምን ልግዛ ካላችሁኝ፣ መልሱ የሚጀምረው ልትሠሩት ከምታስቡት ዕቃ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ትልቁን ዕቃ በወረቀት ላይ ሳሉት፣ ልኩን ጻፉበት። ከዚያ ሻጮች የሚጽፉትን ቁጥር በጥንቃቄ አንብቡ። ለምሳሌ ሸርላይን የሚባለው የአሜሪካ ትንሽ ቶርኖ (መነሻው አውስትራሊያ ነው) ከአልጋው በላይ የሚያዞረው 90 ሚሊሜትር ዲያሜትር ነው። ግን ዘንጉ ስለቱን ከሚሸከመው ክፍል በላይ ማለፍ አለበት፣ እዚያ ሲደርስ ቁጥሩ ወደ 45 ይወርዳል። ረጅም ዘንግ የምትልጩት በዚህኛው ልክ ነው። በሚያዞረው ራስ መሀል ያለው ቀዳዳ ደግሞ 10 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የወፈረ ረጅም ዘንግ በውስጡ አያልፍም። «ሚኒ ሌዝ» የሚባሉት የቻይናዎቹ 180 ሚሊሜትር ያዞራሉ፣ ቀዳዳቸውም 20 ሚሊሜትር ነው፣ ክብደታቸው ግን 40 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ደረጃ ላይ ተሸክሞ ማውረድና ማውጣት አለ። እኔ በመጨረሻ ሸርላይን ወሰድኩ፤ እሱም በቆመ ምሰሶ ወደ ፍሬዛ ይቀየራል፣ ግን አልጋው እንደ መጀመሪያዬ ሁለት ዘንግ አይደለም። ለሰዓት፣ ለካሜራ፣ ለትንንሽ ሞዴል ይበቃል። የሞተር ሳይክል ክፍል ለምታስቡ ግን 40 ኪሎውን ተሸከሙ።

ገንዘባችሁን በሙሉ ማሽኑ ላይ አትጨርሱ፣ በጣም አደራ። ቸክ (የሚዞረውን ብረት ነክሶ የሚይዘው)፣ ፑንታ (መብሻ)፣ ስለት፣ ካሊፐር፣ ማይክሮሜትር፣ ሞርሳ ተደማምረው የማሽኑን ዋጋ ሊያህሉ ይችላሉ።

አጠቃቀሙ ላይ ሁለት ነገር ሁሉን ይለውጣል። አንደኛው የስለቱ ከፍታ ነው። ጫፉ ከሚዞረው ብረት መሀል ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከፍ ካለ ብረቱን ያሻል እንጂ አይቆርጥም፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ብረቱ ላዩ ላይ ሊወጣበት ይፈልጋል። የዘንጉን ፊት ስትልጩ መሀሉ ላይ ትንሽ ጡት የመሰለች ቅሪት ከቀረች ከፍታው አልተስተካከለም ማለት ነው፤ ቀጫጭን ላሜራ ከሥሩ እያስገባችሁ አስተካክሉት። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ ለማወቅ 318ን በመቁረጫ ፍጥነቱ (ብረቱ ስለቱን በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚያልፍ) አባዙና በሚሊሜትር ለተለካው ዲያሜትር አካፍሉ። ለስላሳ ብረት በሃይ ስፒድ (በጠንካራ ብረት የተሠራ) ስለት በደቂቃ 25 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ እንግዲህ 20 ሚሊሜትር ዘንግ በደቂቃ 400 ዙር ይፈልጋል ማለት ነው፣ 5 ሚሊሜትር ደግሞ 1,600 ገደማ። ትንሽ ማሽን ላይ ካርባይድ የሚባለውን ይበልጥ ጠንካራ ስለት ለመግዛት አትቸኩሉ። በደንብ የተሳለ ሃይ ስፒድ ትንሽ ግፊት ነው የሚፈልገው፣ ደካማ ማሽን የሚወደውም ይህንኑ ነው።

ትንሽ ናት ብላችሁ ደግሞ አትናቋት። ጓንት አድርጎ ቶርኖ ላይ መሥራት አይገባም፣ ምክንያቱም ጨርቁን ከያዘች እጃችሁን አብራ ነው የምትጎትተው። ረጅም እጅጌ ይጠቅለል፣ መነጽር ይደረግ፣ ፍቅፋቂው በብሩሽ እንጂ በጣት አይጠረግ። የቸኩን ቁልፍ ደግሞ አንድ ሰከንድም ቢሆን ቸኩ ላይ ትታችሁ እጃችሁን አታንሱ። አጎቴ ቤት ይህን የረሳ ልጅ የዚያን ቀን ማሽን አይነካም ነበር።

ባለፈው ወር የእናቴ የእጅ ቡና መፍጫ ዘንጉ መወዛወዝ ጀመረ። ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት ተበልቷል። 12 ሚሊሜትር የነሐስ ዘንግ ገዛሁ፣ መሀሉን ለ8 ሚሊሜትር ዘንግ ቀደድኩ። የመጀመሪያው ሰፋ፣ ሁለተኛውን ስቆርጠው ስለቱ ነክሶ አጣመመው። በሦስተኛው መጀመሪያ 7.8 በሆነ ፑንታ በሳሁት፣ ከዚያ በሪመር (ቀዳዳ በልኩ በሚያስተካክል ስለት) ልኩን አስያዝኩት፤ በአውራ ጣቴ ስገፋው ገባ። ፎቶውን ለአጎቴ ላክሁለት። ቆየት ብሎ መልስ መጣ፦ «ጠርዙን በሞረድ ንካው፣ እናትህን እጇን ይቆርጣታል።»