መድረክ ላይ የቀረችው ልጄ

ዛሬ ጠዋት ለማታው ዝግጅት ብቻዬን ቆሜ ስለማመድ ልጄ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና እስከ መጨረሻው ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «አባዬ፣ እኔ እኮ እንደዚያ አላወራም» አለችኝ። የፊት ጥርሶቿ በወለቁበት ሰሞን የነበራትን አነጋገር እያስመሰልኩ የማቀርበው ቀልድ ነበር። ላይኛው ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ፣ ጫፋቸው እንደ መጋዝ የሆነ ሁለት አዳዲስ ጥርሶች አሳየችኝ። ከልጅነት ጥርሶቿ ይልቅ ሰፋፊዎች ናቸው፤ ለፊቷ ገና ትልቅ ይመስላሉ።

የስታንድ አፕ ኮሜዲ ሥራ አዝጋሚ ነው። አንድ ሰዓት የሚሞላ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር በየመድረኩ እየተሞከረች፣ ሳቁን የሚያዘገየው ቃል እየተቆረጠ፣ ከመጨረሻዋ ቃል በፊት ያለው ዝምታ እየረዘመና እያጠረ ቀስ በቀስ ትበስላለች። ቀልዱ እስኪበስል ድረስ ግን ቤት ያሉት አይጠብቁም። ሌላው ሰው ከሥራ የሚያርፍበት ምሽትና ቅዳሜና እሁድ ለእኔ ዋናው የሥራ ሰዓት ስለሆነ፣ ሰኞ ደክሞኝ ስመለስ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። (እንቅልፍ አገኛለሁ፤ እሱን አልክድም።) ስለ ቤተሰቤ በየከተማው ለማላውቃቸው ሰዎች የማወራው፣ ከቤተሰቤ ጋር ከማወራው ሳይበልጥ አይቀርም።

ይህንኑ ለባለቤቴ ስነግራት፣ «ምነው፣ እኔስ መድረክህ ላይ እስካሁን ነፍሰ ጡር አይደለሁ?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ያ ቀልድ ግን ካሉኝ ሁሉ ይበልጥ ስለሚያስቅ፣ ለመጪው ጉዞም ከዝርዝሬ አላወጣሁትም።