ህዝቡ ይደርሳል

ኪቦርድ ላይ ለምንቀመጥ ሰዎች የእንግዳ ዘማሪ ወሬ መቼም አያልቅብንም፣ ይቺኛዋ ግን እስካሁን ታናድደኛለች። ደብረ ማርቆስ ነው፣ ቸርቻችን ኮንፍራንስ አለው፣ ዘማሪው ከአዲስ አበባ የአባይን በረሃ አቋርጦ መጥቷል (ስሙን ተዉት፣ ድምፁ ግን ቀላል አይደለም፣ እሱን አልክድም)። የመረጠው ደሞ እኛ ጋ ህፃን አዋቂው በቃሉ የሚያውቀውን የምስጋና መዝሙር ነው፣ ሲክስ ኤይት (በስድስት የሚቆጠር ምት)፣ መነሻ ድምፁ ሲ ላይ፣ ቴምፖው (ፍጥነቱ) 120 አካባቢ፣ ከበሮ ባይኖር ጭብጨባው ብቻ ይዞት የሚሄድ።

ሳውንድ ቼክ ላይ "ስኬሉን ምን ላይ ነው የምትይዙት?" አለኝ።

"ሲ ሜጀር"

"ኤፍ ሻርፕ አርገው"

ከሲ እስከ ኤፍ ሻርፕ 6 ግማሽ ድምፅ ነው፣ ነጭና ጥቁሩን አንድ በአንድ ብትቆጥር 6 ኪ ወደ ላይ። የአዝማቹ ጫፍ፣ ከፍተኛዋ ኖታ ማለት ነው፣ ሲ ላይ ሆነን ራሱ ላይኛው ዲ ነው፣ እናቶች አገጫቸውን ቀና አርገው ነው የሚነኳት፣ 6 ስትጨምርባት ጂ ሻርፕ ትሆናለች፣ እዛ ሶሎ ዘማሪ ይኖር ይሆናል እንጂ ጉባኤ አይኖርም። በትህትና ነገርኩት።

"ወንድሜ፣ ህዝቡ አይደርስበትም እኮ"

"መንፈስ ሲነካው ይደርሳል"

እስቲ ለዚህ ምን ይመለሳል? እኔ ስለ ኖታ ሳወራ እሱ ስለ እምነት መለሰልኝ፣ ብከራከር እምነት የጎደለኝ እኔ ልሆን ነው። "እሺ ዲ ላይ እናርገው፣ ቢበዛ ኢ ፍላት" አልኩት። "ጌታ ይባርክህ" አለኝና ማይኩን አነሳ፣ አለቀ።

ለኔማ ምን ችግር አለው፣ ትራንስፖዝ (ሁሉንም ድምፅ ባንዴ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን በተን) መጫን ነው፣ ባልጫንም ኤፍ ሻርፕ ላይ አምስቱ ጥቁር ኪዎች ብቻቸውን ትዝታ ሜጀር (ባለ አምስት ድምፁ የሀገራችን ቅኝት) ናቸው፣ አይኔን ጨፍኜ እጫወተዋለሁ። ያሳዘነኝ ክራር የሚመታው ልጅ ነው። ክራር ትራንስፖዝ የሚባል በተን የላትም፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እንደገና መቃኘት ነው፣ ሰው እየገባ ጎንበስ ብሎ ሲያጠብቅ ቀጭኗ ክር ጧ! ብላ ጣቱን ገረፈችው። ዘማሪው ዞር ብሎም አላየው፣ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) ጨምሩልኝ እያለ ነበር።

ከዛ ደሞ ቴምፖ። "ቀስ አርገው፣ ፎር ፎር፣ ፓድ ብቻ፣ አምልኮ ይሁን" አለኝ፣ በአራት የሚቆጠር ምት፣ ከስር ረጅም ለስላሳ ድምፅ ብቻ ማለቱ ነው። ቀስ ያለ ሁሉ ያሳዝናል እያልኩ አይደለም፣ ጎጃም ነን፣ የያሬድን ዜማ፣ ግዕዝና ዕዝሉን ከሩቅም ቢሆን እየሰማ ያደገ ጆሮ ነው ያለን፣ በዝግታ መደሰትን ማንም አያስተምረንም። ግን የዚህ መዝሙር ቃላት የተሰፉት በሲክስ ኤይት ነው፣ በ70 ስትጎትተው በየቃሉ መሀል ጉድጓድ ይፈጠራል፣ የሰው ትንፋሽ እዛ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ጭራሽ ማይነር አርገው አለኝ! ሦስተኛዋንና ስድስተኛዋን ኖታ ዝቅ አርጌ ምስጋናውን ሙሾ ላስመስለው። እሱን እንቢ አልኩ፣ የቀኑ ድሌ እሷ ብቻ ናት።

ፕሮግራሙ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ስንኝ ህዝቡ ተከተለ፣ አዝማቹ ሲመጣ ወንዶቹ ኦክታቭ ወርደው (ያንኑ ኖታ በወፍራሙ) ማጉረምረም ጀመሩ፣ ሴቶቹ አንዴ ሞከሩና ተዉት፣ ከዛ ሁሉም አይኑን ጨፍኖ እጁን አነሳ። ምን ያርግ ታዲያ።

ሲያልቅ አንዱ የቸርቻችን ሽማግሌ እየሮጡ መጡ። "ጉባኤው እንዴት እንደተነካ አየህ? ፀጥ አለ እኮ!"

አሜን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

እዛው ቆመን አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ፣ አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ ይባላል፣ እውነትም ንግግራቸው ያስታውቃል። ጨበጡኝና "ዛሬስ መዝሙሩ ሰማይ ገባ የኔ ልጅ፣ እኛው ነን ታች የቀረነው" አሉኝ።

ሽማግሌው "ሰማይ ገባ! አሜን!" ብለው እጃቸውን አነሱ። እናትየው እኔን አዩኝ፣ እኔ ኬብሌን መጠቅለል ያዝኩ፣ ሳቄን የት ላድርገው።

ከዛ ወዲህ ደብተሬ ላይ የጉባኤ መዝሙር ጫፉ ከዲ አይለፍ ብዬ በትልቁ ፅፌያለሁ። የኛ ኳየር ሊድ (የመዘምራኑ መሪ) ግን ባለፈው መጥታ "ያ ዘማሪ የዘመረበት ላይ አርግልኝ፣ ያኔ ህዝቡ በጣም ነው የተነካው" አለችኝ፣ ደብተሩን ባሳያትም አልሰማችኝም። ክራር የሚመታው ልጅ ከኔ ብልጥ ነው፣ አሁን ሁለት ክራር ይዞ ነው የሚመጣው፣ አንዷ ሲ ላይ የተቃኘች፣ አንዷ ኤፍ ሻርፕ ላይ።