ከጂንካ ላሊበላ በአየር፦ ርቀቱንና ሰዓቱን እንዴት እንዳሰላሁት

እንግዶች ሳስተናግድ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ነው፦ «ከጂንካ ላሊበላ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ኦሞ ሸለቆንና ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን በአንድ ጉዞ ማየት የሚፈልግ ሁሉ ይጠይቀኛል። ጉዞው በአዲስ አበባ በኩል ስለሆነ መልሱን ከአንድ ትኬት ላይ ማንበብ አይቻልም። ራሴው ላሰላው ወሰንኩ።

የጂንካ ኤርፖርት 5.78 ዲግሪ ሰሜን፣ 36.56 ምሥራቅ ላይ ነው፤ የላሊበላው 11.97 ሰሜን፣ 38.98 ምሥራቅ። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎሜትር ያህል ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ወደ ዋልታ በተጠጋ ቁጥር ይጠባል፤ አገራችን ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች 110 ገደማ ይዞ ማስላት ይበቃል። ስለዚህ ወደ ሰሜን 687፣ ወደ ምሥራቅ 266 ኪሎሜትር ሆነ። እነዚህን በፓይታጎረስ ቀመር ሳገናኛቸው ቀጥታ መስመሩ 737 ኪሎሜትር ገደማ ወጣ። ለአገር ውስጥ በረራ ከዚህ የረቀቀ ሒሳብ አያስፈልግም።

በጣም የገረመኝ ቀጥሎ ያገኘሁት ነው። ከጂንካ ቦሌ 433፣ ከቦሌ ላሊበላ 334፣ በድምሩ 767 ኪሎሜትር። አዲስ አበባ ከመስመሩ ብዙም አትርቅም ማለት ነው! በቦሌ በኩል መዞሩ የሚጨምረው 30 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለአውሮፕላን የሦስት ደቂቃ መንገድ። እኔም እንደ ብዙዎቹ ጊዜውን የሚበላው ዙሩ ይመስለኝ ነበር።

ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ዳሽ 8 ኪው400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎሜትር በላይ ይበራል። 600ን ይዘን ብናሰላ 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይሆናል። ግን አውሮፕላኑ መንደርደር፣ መውጣት፣ መውረድ አለበት፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ለእያንዳንዱ በረራ 20 ደቂቃ ስጨምር ወደ 2 ሰዓት ተጠጋ።

ቀኑን የሚወስደው ሌላ ነው፤ ቦሌ ላይ ቀጣዩን በረራ መጠበቁ። ወደ ጂንካ የሚደረገው በረራ እንደ ወቅቱ ስለሚቀያየር ፕሮግራም ሳወጣ መጀመሪያ እሱን አረጋግጣለሁ፣ ላሊበላን ከዚያ በኋላ አስተካክላለሁ። የሁለቱ በረራዎች ሰዓት ካልተገጣጠመ አዲስ አበባ አድሮ በጠዋት መነሣት ይሻላል። ላሊበላ ሲደረስም ጉዞው አላለቀም፤ ኤርፖርቱ ከከተማው ከ20 ኪሎሜትር በላይ ርቆ ቆላው ላይ ነው፣ ከዚያ በመኪና ዳገቱን መውጣት አለ።

ከውጭ አገር ለሚመጡ ወገኖቼ አንድ ነገር ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፦ ትኬቱ ላይ 07:00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከአገር ቤት ዘመድ ጋር «በ7 ሰዓት እንገናኝ» ብለው ከተቀጣጠሩ ሸኚው የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ለገና ደግሞ ምእመናን ከየአቅጣጫው ስለሚጎርፉ የላሊበላውን መቀመጫ ከወራት በፊት መያዝ ያስፈልጋል።