ሳልሳ፣ 4 ላይ ቆም
ዛሬ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክላስ ውጪ ሳልሳ ጨፈርኩ፣ ልቤ አሁንም አላረፈም። ክላስ ላይ አስተማሪያችን ጮክ ብላ ምቱን ትቆጥርልናለች፣ 1 2 3 እንረግጣለን 4 ላይ ቆም፣ 5 6 7 እንረግጣለን 8 ላይ ቆም፣ ሶሻል (ሰው ተሰብስቦ የሚጨፍርበት ምሽት) ላይ ግን ማንም አይቆጥርልህም፣ 1 የቱ ጋ እንደሆነ ራስህ ከሙዚቃው ውስጥ መስማት አለብህ። እኔ ትራምፔቱን ስከተል ጠፋሁ፣ ሊድ ማድረጉም (ጭፈራውን መምራቱ) ተረሳኝ፣ ዓይኔ እግሬ ላይ ቀረ። አብራኝ የምትጨፍረው ልጅ ግን ፊቷ ሳይለወጥ ጣቶቼን ቀስ አድርጋ አላላቻቸው (ለካ በጣም ጨብጬ ይዣት ነበር) እና "ኮንጋውን፣ በእጅ የሚመታውን ከበሮ፣ ስማ፣ 4 እና 8 ላይ ዱምዱም ይላል፣ ከሱ ቀጥለህ ርገጥ" አለችኝ። ሰማሁት!! ቤዚኩን (መሠረታዊውን እርምጃ) ብቻ ነው የጨፈርነው፣ አንድ ሁለቴ ራይት ተርን (ወደ ቀኝ መዞር)፣ ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ አልጠፋሁም። ኒውዮርክ ስታይል የሚባለውን፣ በ2 የሚጨፈረውን (አቅጣጫ የሚቀየረው 2 ላይ ነው)፣ ዳር ቆሜ ሳይ ነበር፣ በጣም ያምራል፣ እሱ ግን ቆይቶ። ጀማሪን እንዲህ ታግሶ የሚያስጨፍር ሰው እግዜር ይስጠው በእውነት። ስንጨርስ ደግሞ "አንድ እንድገም?" ያለችው እሷ ናት።