ለአክስቴ የገና ሹራብ

ኅዳር 12 ቀን ለሚካኤል በዓል ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሄድኩበት ጊዜ፣ አክስቴ ቡናውን እስኪቆሉ ድረስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ሹራባቸውን ተደብቄ በስንዝሬ ለካሁት። ወርዱ ሁለት ስንዝር ተኩል፣ ቁመቱ ሦስት ስንዝር ሆነ። ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የተጣፈ፣ አንገቱ የላላ፣ ከሰልባጅ የተገዛ ሹራብ ነው። ከግድግዳው ሥር ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ ሸረሪት አይቼ ነው ብዬ ዋሸሁ፤ እሳቸውም በዚህ ብርድ የሚንቀሳቀስ ሸረሪት ካለ እግዜር ይርዳው ብለው ዝም አሉ።

የገና ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው። በመካከሉ ያሉት 44 ቀናት ከሥራ መልስ ማታ ማታ ብቻ ለሚሠራ ሰው እጅጌ ያለው ሹራብ ለመጨረስ ስለማይበቁ፣ እጅጌ የሌለውና ከነጠላ ሥር የሚለበስ ሰደርያ መሳይ ነገር ለመሥራት ወሰንኩ። ሹራብ መሥራትን ያስተማረችኝ ዳንቴል ስትሠራ እያየሁ ያደግኩት እናቴ ናት። በመንዝ ልማድ ጠጉር የምትፈትለው ሴት፣ የሚሸምነው ወንድ ሲሆን፣ ወንድ ሆኖ መርፌ ይዞ ሹራብ የሚሠራ ሰው ግን ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ከሱቅ የሚገዛው የሹራብ ክር በቀለም የሚያምርና ለእጅ የለሰለሰ ቢሆንም ሰው ሠራሽ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ውርጭ ለሚጥልበት አገር እንደ በግ ጠጉር አያሞቅም። የመንዝ በግ ደግሞ በአገራችን ጠጉሩ ተሸልቶ ከሚፈተልላቸው ጥቂት የበግ ዘሮች አንዱ ነው፤ ሰውነቱ ትንሽ፣ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሸካራ ሲሆን ባናና ዝተት የሚባሉት ወፍራም የጠጉር ልብሶች የሚሠሩት ከዚሁ ነው። ስለዚህ ከአንዲት ጠጉር ፈታይ እናት ግማሽ ኪሎ ያህል ልቃቂት ገዛሁ። ጥቁሩ ርካሽና ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ባላቸው የሞተባቸውን ሴት በበዓል ቀን ጥቁር ማልበስ ኀዘን መቀስቀስ ስለመሰለኝ ዳለቻውን መረጥኩ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለሙከራ በሠራሁት ቁራጭ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 14 የክር ቀለበት ስለቆጠርኩ፣ ለ50 ሳንቲ ሜትር የጀርባ ወርድ 70 ቀለበት በመርፌው ላይ ጣልኩና ጀመርኩ። አንድ ስንዝር ያህል ከሄድኩ በኋላ መሬት ላይ ዘርግቼ ባየው፣ አራት ማዕዘን መሆን የነበረበት ሥራ ንፋስ እንደገፋው የሣር ጎጆ ወደ ቀኝ አጋድሏል። ቀለበት የጨመርኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ 70 ናቸው። ፈትቼ እንደገና ሠራሁት፤ እንደገና አጋደለ። በንዴት ጠቅልዬ ክሩን ወደ ሸጡልኝ እናት ወሰድኩት። እሳቸው ሹራብ ሠርተው አያውቁም፤ ሆኖም አንዷን ጫፍ ይዘው ክሩን በሁለት ጣታቸው መካከል ላላ አድርገው ሲለቁት በራሱ ላይ እንደ እባብ ተጠመዘዘ። «ይኼ ለሽመና የከረረ ነው፤ ሳትገምደው ለምን ሠራኸው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነጠላ ክር ሲፈተል ጥምዝምዙ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ፣ ዕድል ባገኘ ቁጥር ለመፈታት ይታገላል። በሽመና ጊዜ ድሩና ማጉ እርስ በርሳቸው ጥብቅ አድርገው ስለሚያያዙት ኃይሉ አይታይም፤ በሹራብ ግን እያንዳንዱ ቀለበት ልቅ ስለሆነ ክሩ ሁሉንም ወደ ጎን ይጎትታቸዋል። መድኃኒቱ መግመድ ነው፤ ሁለት ክር ጎን ለጎን ይዞ እንዝርቱን መጀመሪያ ከተፈተለበት በተቃራኒ አቅጣጫ ማሾር ነው፤ ያን ጊዜ የአንዱ ኃይል የሌላውን ያረግበዋል። እሳቸው በሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ገመዱልኝ፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እንዝርቷን ሞክሬ ከክሩ ይልቅ ራሴን ስለጠመዘዝኩ በጊዜ ተውኩት።

የተገመደው ክር ወፍራም ስለሆነ ስሌቱ ሁሉ ፈረሰ። በ10 ሳንቲ ሜትር 11 ቀለበት ብቻ ስለወጣ 70ው ወደ 55 ወረደ፤ ለዚያ ውፍረት የሚሆን መርፌም ሱቅ ውስጥ አላገኘሁም። የወይራ እንጨት ቀርጬ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ አልስልሼ፣ የኑግ ዘይት ቀብቼ ሁለት መርፌ ሠራሁ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ያለ ምንም ሐፍረት የምኮራው በእነዚያ መርፌዎች ነው። ዳለቻው ክር ደግሞ ከብብት በላይ ሲደርስ አለቀ። የቀረውን ሩብ ኪሎ ያገኘሁት ከሌላ በግ ስለነበር ትከሻው ከሌላው ቦታ ደመቅ ብሎ ቀረ።

አጥቦ ማድረቁ ራሱን የቻለ ጭንቀት ነበር። የበግ ጠጉር በሙቅ ውኃ ከታሸ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፤ ለባና ጥሩ የሆነው ይህ ጠባዩ ሹራብን የሕፃን ልብስ ያደርገዋል። ስለዚህ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ሳላሽ በፎጣ ጠቅልዬ ጨምቄ፣ ጆንያ ላይ ዘርግቼ በፀሐይ አደረቅሁት። የጠጉሩ ሽታ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ምሽቶች ያጠፋሁት ክር ያለቀበትንና የተቀጠለበትን ጫፍ ሁሉ፣ ቋጠሮውንም ጭምር፣ በውስጥ በኩል እየሰፋሁ በመደበቅ ነው።

ታኅሣሥ 28 ቀን ማታ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትቼ ወደ መንዝ ገባሁና ሰጠኋቸው። አክስቴ ሹራቡን አላዩትም፤ ዳበሱት። የታችኛውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው አሻሹና መጀመሪያ የጠየቁት «ማን ፈተለው?» ብለው ነው። ነገርኳቸው። «እጇ ደህና ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «አንተ ሽመና መቼ ጀመርክ?» አሉና ሳቁ። ለክተው ልክ እንደሆነ ሲያውቁ ስለ ሸረሪቷ አስታወሱኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ ተመልሰን ለመፈሰክ ስንቀመጥ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሹራቡን ገልብጠው ለብሰውታል። ተሳስተው መስሎኝ ስነግራቸው፣ ልሙጡ ወገን ለገላ ስለሚሻል፣ ሻካራው ደግሞ ወደ ውጭ ሲሆን ማንንም ስለማይኮሰኩስ እንዲህ ይሁን ብለው አስበውበት ያደረጉት መሆኑን አስረዱኝ። ሁለት ምሽት ሙሉ የደበቅኳቸው ቋጠሮዎችና የክር ጫፎች በሙሉ በአክስቴ ጀርባ ላይ ተሰልፈው፣ ለእንኳን አደረሳችሁ የመጣው ጎረቤት ሁሉ አንድ በአንድ እየነካ ምን እንደሆኑ ይጠይቅ ነበር።