ጋቢው ጫፍ ላይ የተጠለፈው ቁጥር

ይህን ምስክርነት የምሰጠው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። «ጻፊው» ያለኝ ራሱ ነው።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። ወንድሜ ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። ሲነሳበት እንቅልፍ የለም፣ ወሬው አያልቅም፣ ገንዘብ ይበትናል። አንድ ሰሞን የደለበ በሬያችንን በግማሽ ዋጋ ሸጦ ብሩን ለማያውቃቸው ሰዎች አድሎት ገባ። ሲወርድ ደግሞ ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይከርማል። ሰው አንዴ «ለከፈው»፣ አንዴ «ሰነፍ ነው» ይላል። እኔም ብያለሁ። ይቅር ይበለኝ።

ሊትየም የሚባል የሕመሙ መድኃኒት ተጀምሮለት ለወራት ደህና ሆነ። ከዚያ ጠበል ቦታ ያገኘው አንድ ሰው «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣለው» አለው። ጣለው። ብዙም ሳይቆይ እንቅልፉ ጠፋ። እኔም በንዴት ተከራከርኩት። ባሰበት እንጂ አልበረደም። ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሌሊት በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሦስት ቀን ፈለግነው። «እመቤቴ፣ በሕይወት መልሽልኝ፣ ጥላ አስገባልሻለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ቀጥሎ ሌላ ልመና ከአፌ ወጣ፤ «ሁለተኛ ከእኔ አይሽሽ።»

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ደጀን ላይ ሻይ የሚሸጡ እናት ናቸው። ከደጀን ወዲያ የዓባይ በረሃ ነው። «ልጄ፣ አንድ ልጅ ቤቴ አስቀምጫለሁ። ጋቢው ጫፍ ላይ የስልክ ቁጥር ተጠልፎበታል» አሉኝ።

እናቴ ናት። በዚያ ክረምት፣ ለማንም ሳትናገር፣ አሥሩን ቁጥር በቀይ ክር ጠልፋው ኖሯል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ከስልኳ ላይ እያየች ነው የሠራችው። ሰባቱ ቀና ብሎ አንድ ይመስላል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ተሳስተው ሌላ ሰው ዘንድ ደውለው ነበር። ያን ጋቢ ዛሬም ሳጥፈው ክሩን በጣቴ እዳስሰዋለሁ።

ሕክምናውን እንደገና ጀመረ። የንስሐ አባታችን ሲራክ 38ን አነበቡለት፤ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። «ጠበሉንም ጠጣ፣ ክኒኑንም ዋጥ» አሉት። ሐኪሙ ደግሞ ውሃ ካነሰው ሊትየሙ በደሙ ውስጥ እንደሚበዛ፣ ስለዚህ ደሙ በየጊዜው መለካት እንዳለበት አስረዱን። ሁዳዴ ሲገባ ይህን ለአባ ነገርናቸው። ውሃ እየጠጣ እንዲጾም ፈቀዱለት።

ደህና በሆነ ጊዜ ቁጭ ብለን ቃል ተግባባን። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ይነግረኛል። የባንክ ካርዱ እኔ ጋ ይቀመጣል። ሲነሳበት አልከራከረውም። ሲወርድ «ተነሥ» አልለውም፤ ቡናዬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ዝም ብሎ መቀመጥን የመሰለ ከባድ ነገር አላየሁም። አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃል አይወጣውም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሬ ተንኳኳ።

«እታለም፣ ሁለተኛ ሌሊቴ ነው። ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። በራሱ እግር ወደ እኔ መጣ። ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ መድኃኒቱ ተስተካከለለት፣ ሳይብስበት በረደ።

የጥላው ገንዘብ እስኪጠራቀም ስለቴ ቆይቶ ነበር። ኅዳር 21፣ ለጽዮን ማርያም አስገባሁ። ጥላውን ተሸክሞ ከፊቴ የሄደው እሱ ነው። እናቴ ከኋላችን እልል ትላለች።