የተላገው በር

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁሌም የሚያስቀው ቦታ ላይ ነው የማቆመው። ዛሬ ልጨርሰው።

የምሠራው አምስተርዳም ውስጥ፣ ቤት ገዢዎች ሊገዙት ያሰቡትን ቤት የሚያስመረምሩበት አንድ ቢሮ ነው። በገባሁ በሦስተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተላክሁ። ቤቱ ፕሪንሰንኽራኽት ቦይ ዳር ነው። የ17ኛው መቶ ዘመን ቤት፣ ጠባብ፣ አራት ፎቅ፤ ደረጃውን መሰላል ብንለው ይቀላል። ጎኑ ካፌ አለ፣ ፊቱ ጀልባ ያልፋል፣ ብስክሌት ሲያቃጭል ይውላል። ገዢዎቹ ባልና ሚስት የወደዱትም ይህንኑ ነው። ሚስትየው ስለ ጫጫታው ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ፈርታ ሳይሆን በቂ መሆኑን ለማረጋገጥ ነበር የሚመስለው።

እኔ አገር ቤት ሳይት ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ። ግድግዳ ሳይ ቱንቢ ነው የሚታየኝ። ከላይኛው መስኮት ቱንቢዬን ለቀቅሁት። ታች ሲደርስ ከግድግዳው ከአንድ ስንዝር በላይ ርቆ ተንጠለጠለ። ክው አልኩ። ሪፖርቱ ላይ በቀይ ጻፍኩ፦ የፊት ግድግዳው ወደ መንገዱ አዘንብሏል፣ አደገኛ ነው፣ አስቸኳይ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት አለቃዬ ሪፖርቴን ለሁሉም ጮክ ብሎ አነበበው። (እዚህ አገር አለቃን አንተ ነው የሚሉት። እስካሁን ይከብደኛል።) ዳቦውን አስቀመጠና "ታዲያ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ እየወደቀ ነው?" አለ። ሳቁ ኩሽናውን ሞላው።

ለካስ እነዚህ ቤቶች ሆን ተብለው ወደ ፊት ዘንበል ተደርገው ነው የተሠሩት። አናታቸው ላይ መንጠቆ የተሰካበት ወራጅ አለ፤ ዕቃ በገመድ ሲጎተት ግድግዳና መስኮት እንዳይገጭ ነው። በዚያ ደረጃ ሶፋ አይወጣማ! ዛሬም ብዙ ሰው ዕቃውን የሚያስገባው በመስኮት ነው። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ በቀይ ቀለም አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ፣ በዘመመው የጣሊያን ግንብ፣ ፒሳ ሆነ።

ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል።

ሪፖርቱ ግን አራተኛ ገጽ ነበረው።

ኪሴ ውስጥ ብይ አለች። ውሃ ልክም ይዣለሁ፣ ግን ብይ አትዋሽም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳስቀምጣት ትንሽ አሰበችና ወደ ግራው የኋላ ማዕዘን ሄደች። ይህ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ያረጀ ቤት ሁሉ ብይ ያንከባልላል። እዚያ ማዕዘን ያለውን በር ግን ከፍቼ አናቱን አየሁት። በሰያፍ ተልጓል። የተላገው ጠርዝ ቀለም አልነካውም፤ እንጨቱ ገና ነጭ ነው። አሮጊቷ ባለቤት ቡና ይዘውልኝ መጥተው ነበር። "በየዓመቱ ይይዛል፤ ልጄ ነው የሚልገው" አሉኝ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወሩ ሁሉ።

ድሮ ዘሞ የቆመ ቤት ጤነኛ ነው። በየዓመቱ በር የሚያስልግ ቤት ግን አሁንም እየሄደ ነው። ከተማው ረግረግ ላይ፣ አሸዋ እስኪገኝ ድረስ በተተከሉ እንጨቶች ላይ ነው የቆመው። ዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት ብቻ 13,659 እንጨት አለው። ልጆች ቁጥሩን የሚያጠኑት በዓመቱ ቀናት ነው፦ 365 ጽፈህ ፊቱ 1፣ ኋላው 9። እንጨቱ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ዘመናት ይኖራል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ዝቅ ብሎ አየር ሲያገኘው አናቱ መበስበስ ይጀምራል። የእኛ መደበኛ ምርመራ ደግሞ መሬት ውስጥ አያይም። ስለዚህ ጉድጓድ ተቆፍሮ መሠረቱ ይታይ ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ ሰረዘው። ጠረጴዛው ድረስ ሄድኩ።

"ጠማማ ያልሆነ የቦይ ዳር ቤት አሳየኝና ወንበሬን ልልቀቅልህ" አለኝ።

"ጠማማነቱን አላልኩም። በሩ የተላገው በቅርብ ነው።"

"እንጨት ያብጣል።"

"በየዓመቱ፣ በአንድ በኩል ብቻ?"

ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። "ፒሳ" አለኝ።

በቃ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም አልጨመርኩም፤ የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። መልስ የመጣልኝ ትራም ውስጥ ነው፣ ሁለት ፌርማታ አልፌ። በሪፖርቱ ላይ የገባው "ወለሉ፣ ለቤቱ ዕድሜ እንደተለመደው፣ በመጠኑ ዘመም ይላል" የሚል ለስላሳ ዓረፍተ ነገር ነው።

እዚህ አገር ቤት ገዢ የተፈረመው ውል ከደረሰው በኋላ ያለ ምክንያት ሐሳቡን የሚቀይርበት ሦስት ቀን አለው። በሁለተኛው ቀን ሚስትየው ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። "በመጠኑ ማለት ምን ማለት ነው? ልንጨነቅ ይገባል?" አለችኝ። አለቃዬ ከመስተዋቱ ወዲያ ተቀምጧል። እኔ ገና ቋሚ ሠራተኛ አልሆንኩም።

"የተለመደ ነው" አልኳት።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሩ መላጊያም አልበቃው አለ፣ ጉድጓዱም ተቆፈረ። የእንጨቱ ራስ ቢላዋ ሲነካው እንደ ሙዝ ሆነ አሉ። ጥገናው ከመቶ ሺህ ዩሮ በላይ ነው፤ ግድግዳው የጋራ ስለሆነ ጎረቤትም መስማማት አለበት። እኛን የከሰሰን የለም። መሠረት አልመረመርንም የሚለው መስመር በትንሽ ፊደል የመጨረሻው ገጽ ላይ አለ።

አለቃዬ ቤቱን ሊያይ ሄደ። ሲመለስ ምሳ ላይ ምንም አላነበበልንም። በሳምንቱ ግን የምርመራ ቅጹ ላይ አዲስ መስመር ተጨምሮ መጣ፦ "በሮች በቅርብ ተልገው እንደሆነ ይታይ።" ማን እንዳመጣው አልተጻፈም።

ባለፈው ወር አዲስ ልጅ ተቀጠረ። በመጀመሪያው ሪፖርቱ የፊት ግድግዳው አዘንብሏል፣ አስቸኳይ ነው ብሎ ጻፈ። ምሳ ላይ ሲነበብ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።